ወንድሜን የካዱትና የቆጠሩት

«የአብራሪው እህት ቤት የት ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ፣ ከአየር ማረፊያው የተሳፈሩበት ሚኒባስ ላሊበላ እንዳወረዳቸው። ጎረቤቴ ሮጣ መጥታ ስትነግረኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ክስ ነው። እንዲያ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ያኔም ቢሆን ለደግ ነገር አልነበረም የምጠራው።

ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስቱም ጡረታ የወጡ አብራሪዎች፤ ከወንድሜ ጋር ደብረ ዘይት አብረው ተምረው አብረው የበረሩ። በአለቃነት የሚናገርላቸው ረጅሙ ሰውዬ ወንበር ሰጥቼው ሳይቀመጥ ግድግዳዬን ዞሮ ዞሮ አየና፣

«ፎቶግራፉ የለም?» አለኝ።

«አለ» አልሁት። የት እንዳለ ግን አልነገርሁትም።

የመጡበትን ነገሩኝ። በወንድሜ ስም የትምህርት ድጋፍ አቋቁመዋል። በየዓመቱ ከላስታ ገጠር ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ አንድ ተማሪ ይመረጣል፤ ላሊበላ ገብቶ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር የቤት ኪራዩን፣ ምግቡን፣ መጽሐፉን እነሱ ይችሉታል፤ ዩኒቨርሲቲ ከገባም እስኪመረቅ ይከተሉታል። ደንቡን በወረቀት አዘጋጅተው ይዘው ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን ዘርግቶ፣

«ላንብብልዎት?» አለ።

«እችላለሁ» ብዬ ተቀበልሁት። እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሦስቱም ጠበቁኝ።

ያቺ «ላንብብልዎት» ያናደደችኝ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔም ተማሪ ነበርሁ። ከገነተ ማርያም በታች ባለው ቀበሌያችን ሦስተኛ ክፍል ደርሼ፣ በቁጥር ከወንዶቹ የምበልጥ ልጅ ነበርሁ። ወንድሜ የእኔ ታናሽ ነው። እሱ ላሊበላ ገብቶ የሚማርበት ጊዜ ሲደርስ፣ ከመንደራችን ልጆች ጋር አራት ሆነው አንድ ክፍል ቤት ተከራዩ። ልጆቹ እዚያ ያድራሉ፤ ስንቃቸውን ግን በየሳምንቱ ከቤት ሰው ተሸክሞ ያደርሳል። አባቴ ሁለታችንን ፊቱ አቁሞ፣ «አንዱ ይማራል፣ አንዱ ይሸከማል» አለ። ማን ማን እንደሆነ መናገር አላስፈለገውም።

አራት ዓመት ተሸክሜያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድርቆሹን፣ ቆሎውን፣ ሽሮውን፣ የሚማግዱትን እንጨት ሳይቀር ጀርባዬ ላይ አስሬ የአራት ሰዓት መንገድ እሄዳለሁ። ወንድሜ በር ላይ ይቀበለኝና ቆሎውን አፍሶ ይቀምሳል። «አሁንም አሳርረሽዋል» ይለኛል። ሟች በመሆኑ የማልናገር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «ተባረኪ» ያለኝን አላስታውስም። ማንበብን እንደገና የጀመርሁት ካገባሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስምንተኛን የጨረስሁት ደግሞ ላሊበላ ገብቼ፣ ቀን ቀን የሆቴል አንሶላ እያጠብሁ ነው። እንግዲህ ለእንዲህ ያለች ሴት «ላንብብልዎት» አይባልም።

ወደ ደንቡ ልመለስ። አራተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ ቅድሚያ ለሟቹ ዘመዶች ይሰጣል፤ ዝምድናውንም የሟቹ እህት በፊርማዋ ታረጋግጣለች።

ሰዎቹ ይህን ያስገቡት እኔን ሊያከብሩ ነው። ከተማ ተወልደው ከተማ ያደጉ ናቸው፤ ለእነሱ የሟች ዘመድ ማለት እኔና ልጄ፣ ሲበዛ የልጅ ልጄ ነን። ላስታን አያውቁም። እኛ አገር «ቅድሚያ ለዘመድ» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ መሬት ሊከፋፈል ነው ብሎ ነጋሪት እንደመጎሰም ነው። በአባቶቻችን ዘመን ርስት የሚገኘው በመቁጠር ነበር። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ተነስቶ፣ በአባትም በእናትም ትውልዱን ሳይሰብር እስከ ራሱ የቆጠረ ሰው ድርሻውን ይጠይቃል። አባቴ በዚህ የተመሰገነ ነበር። ጠዋት ጀምሮ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ይቆጥራል፤ ሙግት የገጠመው ሰው መጀመሪያ እሱን ነበር የሚያማክረው። በመቁጠር መሬት ማግኘት ከቀረ ብዙ ጊዜው ነው። ምላሳችን ግን አልረሳውም።

ይህን ሁሉ ያኔውኑ ለሽማግሌዎቹ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኋቸውም። አንደኛ፣ ገጠር የተዳረችው ልጄ ያን ዓመት ስምንተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ ነበረቻት። ሁለተኛ፣ ማን ማን ሊቆጥር እንደሚመጣ ማየት ፈለግሁ። ሁለተኛው ይበልጥ ነበር።

መጡ። ማስታወቂያው ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ደጄ የባለሥልጣን ደጅ ሆነ። ከገነተ ማርያም መጡ። ከፍላቂት አንድ ሰው የገብስ ጆንያ ጭኖ በሚኒባስ መጣና «ለእማማ እጅ መንሻ» ብሎ በሬ ላይ አስቀመጠው፤ ጆንያውን እንዳስቀመጠው አስነሳሁት። ከዚህ ቀደም መንገድ ላይ ሲያዩኝ ነጠላቸውን የሚያስተካክሉ መስለው ፊታቸውን የሚያዞሩ ሴቶች ጉልበቴን ሊስሙ ጎነበሱ። አንዷማ «ዓይንሽ ቁርጥ እሱን!» አለችኝ፤ እሱን አይታው አታውቅም።

ከቆላው ከመንገድ ዳር ከተማ የመጣ አንድ ሙስሊም ነጋዴም ነበር፤ ሸምገል ያለ፣ ሽርጡ ንጹሕ።

«እርስዎም ሊቆጥሩ ነው?» አልሁት፤ ትዕግሥቴ አልቋል።

«መቁጠሩንስ እቆጥራለሁ፤ ቅድመ አያቴ ከእናንተ ቤት ናት። ግን ለትምህርቱ የሚሆን ልጅ የለኝም፣ እማማ። ወላሂ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁ። ያኔ መንገዱ ዝግ ነበር፤ ኋላ ደግሞ የእሱን ለቅሶ መድረስ የሚያስጠይቅ ሆነ።»

ተቀምጦ፣ ዱዓ አድርጎ፣ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ከመጡት ሁሉ ስሙን እዚህ ብጽፈው ደስ የሚለኝ የእሱን ነበር። ግን የአንዱን ጽፎ የሌላውን መተው አይሆንምና የማንንም አልጽፍም።

አሁን የአጎቴ ልጅ ላይ ደረስሁ።

ወንድሜ በሰሜን ጦርነት አውሮፕላኑ ተመትቶ ሲወድቅ አስከሬን አልመጣልንም። እንዲህ ሲሆን በአገራችን የሟቹ ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀሳል። በመጨረሻ ፈቃዱ ትቶት የሄደውን የደንብ ልብስ ዘረጋን። የአጎቴ ልጅ ኮቱን አንስቶ በጠመንጃው አፈሙዝ ላይ ሰቀለና ፎከረ። «የሰማዩ ወንድሜ! የደመናው ጋላቢ ወንድሜ!» እያለ ሰውን አስለቀሰ። እኔንም አስለቅሶኛል፤ አልክድም።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ መንግሥት ተለወጠ። የቀድሞው ጦር ሰው ዘመድ መሆን የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ወዲያው የመሬት ድልድል መጣ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ተራችን ሲደርስ ከደልዳዮቹ አንዱ እኔን እያየ፣ «ይቺ የአብራሪው እህት አይደለችም?» አለ። ለአጎቴ ልጅ ዝም ማለት በበቃው ነበር። እሱ ግን ብድግ አለ።

«እህቱ ናት። እኛ ግን ከዚያ ሰው ጋር የምንቆጠርበት ዘር የለንም።»

አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ያ ሁሉ ቆጠራ በደረቱ ያለ ሰው አንድ ቃል አልመለሰም። በወንዙ ዳር የነበረን ማሳ ለአጎቴ ልጅ ተሰጠ፤ ለእኛ ገደሉ ሥር ያለ ጭንጫ ደረሰን። አባቴ በዓመቱ ሞተ። ስለ አሟሟቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። እኔ ልጄን ይዤ ላሊበላ ገባሁ፤ ያንን ጭንጫም አርሼው አላውቅም።

አንድ ነገር ሳልዘለው ልለፍ፤ ብዘለው ሌላ ሰው ያነሳብኛልና። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን የማን አገር ላይ ምን እንደጣለ የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ፤ ማስታወሳቸውም ልክ ነው። ወንድሜ የት የት እንደበረረ አልነገረኝም። በፈቃድ ሲመጣ ልጠይቀው እችል ነበር፤ አልጠየቅሁትም። ይህ በእኔና በእሱ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። የአጎቴ ልጅ በዚያ ሜዳ ላይ የተነሳው ግን ይህ ከንክኖት አይደለም። ማሳው አምሮት ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በዚህ እርጅናው ከዘራውን ይዞ፣ የልጁን ልጅ አስከትሎ በሬን የቆረቆረው። ልጅቷ እንደ እኔይቱ ስምንተኛ ክፍል ናት። አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ?» አለ። በአንድ ዓመት እበልጠዋለሁ።

«ክብር ለሱ ይሁን። ምን እግር ጣለህ?»

«እግር አይደለም፣ ደም ነው ያመጣኝ።»

«እንዲያ ነው? መቼ ተገኘ?»

ሳቀ። ጥርሱ አልቋል፤ ሳቁ ግን ያው የድሮው ነው። «አንቺ እኮ አትለወጪም! ይኸው፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። የቀረው ፊርማሽ ብቻ ነው።»

«ዝምድና የሚፈረመው ተቆጥሮ ነው።»

«እኔን አታውቂኝም?»

«እኔማ አውቅሃለሁ። የትምህርት ድጋፉ ኮሚቴ ነው የማያውቅህ። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ና። ሰው በተሰበሰበበት ቁጠር።»

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሞላ። ርዕሰ መምህሩ በአንድ በኩል፣ ረጅሙ አብራሪ ከደብረ ዘይት ተመልሶ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ያን ጊዜ ሜዳው ላይ ከነበሩት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት የገነተ ማርያሙ አባ በበቅሎ መጥተዋል፤ እንዲመጡ የላክሁባቸው እኔ ነኝ። ልጄም ልጇን ይዛ ከኋላ ተቀምጣለች። ደስ ብሏታል፤ የልጇ ነገር ያለቀ መስሏታል።

የአጎቴ ልጅ ተነስቶ ጋቢውን አስተካከለ። ይቅርታ ባላደርግለት እንኳ የማልነፍገው ነገር አለ፤ መቁጠር ያውቃል። ከአቅኚው አባት ተነሳ። ማን ማንን ወለደ፣ የትኛዋ ሴት ለየትኛው አገር ተዳረች፣ የቱ መነኮሰ፣ የቱ መከነ፤ ሳይደናቀፍ ወረደ። አብራሪው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። አያታችን ጋ ደረሰ። «ሁለት ወንድ ወለደ» አለ። የአባቴን ስም ጠራ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ አባቱ ዞረ፣ ከአባቱ ወደ ራሱ፣ ከራሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ልጅቷ። «ይኸው!» ብሎ ሊቀመጥ ጋቢውን ሰበሰበ።

«የዘለልከው ሰው አለ» አልሁት።

«ማንን?»

«የምንቆጠርለትን ሰው።»

እሱ ከዘራውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። አባ ከወንበራቸው፣

«ጥራው እንጂ፣ ልጄ። ያኔ ሜዳው ላይ ያልከውን እኔም ሰምቻለሁ» አሉት።

ጠራው። የወንድሜን ስም ከነአባቱ ከነማዕረጉ ጠራ። ድምፁ ፉከራ አልነበረበትም። «የአጎቴ ልጅ ነው፤ ወንድሜ ነው» አለ። «ያን ጊዜ ፈርቼ ነው።»

ለቁጣው ተዘጋጅቼ ነበር። ለክህደትም፣ ለሽንገላም ተዘጋጅቻለሁ። ለፍርሃት አልተዘጋጀሁም። ለአንድ አፍታ ልተወው ነበር፤ እውነቴን ነው።

«ማሳውንስ የወሰድከው ፈርተህ ነው?» አልሁት።

ሰው ሳቀ። አባም አፋቸውን በመስቀላቸው ጋርደው ሳቁ። የአጎቴ ልጅ ግን አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅሁም።

ወረቀቱን ተቀብዬ ፈረምሁ። ዝምድናው እውነት ስለሆነ እውነት ነው ብዬ ፈረምሁ። ከዚያ ወደ አብራሪው ዞርሁ።

«አሁን አራተኛውን አንቀጽ ሰርዙልኝ።»

«ምን አሉ?»

«ቅድሚያ ለዘመድ የሚለውን። ይሰረዝ። ፈተና ይውጣና የበለጠ ልጅ ይማር።»

ቤተ መጻሕፍቱ ገበያ ሆነ። ከኋላ የልጄን ድምፅ ለየሁት። «እማዬ! የኔስ ልጅ? ከሰው ጋር ስትጣይ የኔን ልጅ ነው የምትከፍይ?»

አብራሪው ተጨነቀ። «እህታችን፣ አንቀጹን ያስገባነው ለእርስዎ ክብር ብለን ነው።»

«ለእኔ ከሆነ የእኔ ነው። የእኔ ከሆነ ደግሞ ሰርዤዋለሁ። ወንድሜ ርስት አይደለም፤ ቆጥሮ የሚገባበት የለም።»

የአጎቴ ልጅ ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። «እንዲህ ልታደርጊ ኖሯል ይህን ሁሉ ሕዝብ ፊት ያስቆጠርሽኝ?»

«አዎ። አስቆጠርሁህ።»

በዚህ የሚያዝኑብኝ አሉ። ተንኮለኛ ነች ያሉም አሉ፤ አንዷ በር ላይ ስትለው ሰምቻታለሁ። እኔ የማውቀው ይህን ነው፦ የወንድሜን ስም በሜዳ የካደ ሰው ስሙን በአደባባይ ጠርቷል፤ ለመጥራቱም ዋጋ አልተከፈለውም። ዋጋ ቢከፈለው ኖሮ የጠራው ለዋጋው ነው እንላለን። አሁን ግን ማንም እንዲህ ሊል አይችልም፤ ቢገባው ይህንንም ያደረግሁት ለእሱ ነው። ልጄ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም። እሷን ለማባበል አልሄድሁም። ስትመጣ ግን ምግብ አቅርቤ ጠብቄያታለሁ።

ፈተናውን ርዕሰ መምህሩ አወጣ፤ ያረሙት ከሌላ ትምህርት ቤት የመጡ መምህራን ናቸው። አንደኛ የወጣችው ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ የመጣች የገበሬ ልጅ ሆነች፤ እኔ አይቻት አላውቅም፣ በየትም በኩል ቢቆጠር አትደርሰንም። የአጎቴ ልጅ የልጅ ልጅ ሁለተኛ ወጣች፤ የእኔይቱ ሦስተኛ። ይህን መጻፍ አልወደድሁም፤ እንደዚያ ነው የሆነው።

ድጋፉ የሚሰጥበት ቀን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ሦስቱም አብራሪዎች መጡ። ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ልጅቷን አመጡልኝ፤ ቀጭን ናት፣ ጫማዋ አዲስ ነው።

«ዘመድ ባለመሆኔ አልከፋዎትም?» አለችኝ። ሰው ነግሯታል ማለት ነው።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እኚያ አባት» ብላ በዓይኗ አሳየችኝ።

የአጎቴ ልጅ ፊት መደዳ ተቀምጧል። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ከተማውን ሞልቶታል። አንዴ ስሙን ከጠራ በኋላ ማቆም አቃተው፤ ጠላ ቤት፣ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በደረሰበት ሁሉ «የወንድሜ ትምህርት፣ የወንድሜ አውሮፕላን» ይላል። ቱሪስት የሚያስጎበኙት ልጆች እንኳ ከእሱ ሰምተው ያወራሉ። ልጅቷን፣

«አልከፋኝም» አልኋት። «ያ ሰውዬ ስለ ሟቹ የሚያወራውን ሁሉ እንዳታምኚ። ስትፈልጊ መጥተሽ እኔን ጠይቂኝ። የማላውቀውን አላውቅም እልሻለሁ።»

ወረቀቱ ተሰጣት፤ ተጨበጨበ። በመጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ «አሁን ደግሞ ከቤተሰቡ ታላቅ የሆኑት አባታችን ተማሪዋን ይመርቁልናል» አለና ወደ አጎቴ ልጅ እጁን ዘረጋ። እሱ ጊዜ አላጠፋም። ከዘራውን ይዞ ተነሳ፤ ሁለት እርምጃም ሄደ።

እኔም ተነሳሁ።

«ታላቁ እኔ ነኝ» አልሁ።

ድምፅ ማጉያ አላስፈለገኝም። ርዕሰ መምህሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። ወንድ ቆሞ ሴት አደባባይ ስትመርቅ አላየም ይሆናል። የአጎቴ ልጅም መንገድ ላይ እንዳለ ቀጥ አለ፤ አልተመለሰም፣ አልተቀመጠም። እኔ አልፌው ሄጄ የልጅቷን ራስ ያዝሁ።

«ልብሽን ያብራልሽ። ዓይንሽን አያድክመው። ክፉ ቀን ቢመጣ የራስሽ ሰው አይካድሽ፤ ባዳው ይቁጠርሽ። ከወጣሽበት በሰላም ተመለሺ፤ እሱ ያላገኘውን ዕድሜ ላንቺ ይስጥሽ።»

ድንኳኑ በየመሐሉ «አሜን፣ አሜን» አለ። የአጎቴ ልጅ ቆሞ በቀረበት ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሰው ሁሉ ጋር አሜን ሲል አየሁት፤ ከዘራው በብብቱ ነበር።

ወደ ቦታዬ ስመለስ በአጠገቡ አለፍሁ።

«ደህና መረቅሽ፣ እትዬ» አለኝ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ።

«አውቃለሁ» አልሁት።